ለአባባ ኑርዬ ሶሰን ያለበስኩት አፈር

ልጅ ሳለሁ የተረት ዋጋው አረም ነበር፤ አምስት አረም ከነሥሩ። አባባ ኑርዬ ግቢው መሐል በተዘረጋው አንገረብ፣ በዚያ ሱዳኖች በሚሠሩት የገመድ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ እኛ የግቢው ልጆች ደግሞ የነቀልነውን በተራ እናስረክባለን። እሳቸውም እያንዳንዱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ይመረምራሉ። ሥሩ ተበጥሶ የቀረ ካገኙ «ይኸ አረም ነው እንዴ? የአረም ፀጉር ላጭተሽ ነው ያመጣሽልኝ!» ብለው ይመልሱናል። ያን ያህል ልጅ ተሻምቶ የሚያርመው መሬት ቢለካ ከሁለት አንገረብ አይበልጥም ነበር። የበቀለበትም ሰሊጥ ወይም ማሽላ እንዳይመስላችሁ፤ አበባ ነው። እሱም ቢሆን የሚያብበው ደስ ሲለው ነው።

ሶሰን ይሉታል። አድጌ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን አይሪስ ተብሎ አገኘሁት፤ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ ሶሰን ነው። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይቆማል። ሥሩ እንደ ዝንጅብል እብጥብጥ ያለ ነው። አበባው ነጭ ነው፤ ሦስቱ ቅጠሎቹ ወደ ላይ ቆመው ሦስቱ ወደ ታች ይወድቃሉ፣ ሽታውም ከሩቅ ይጠራል። የምንኖርባት መተማ የዚያን ዓይነት አበባ አገር አይደለችም። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ውሃ ይቋጥርና ሥሩን ያበሰብሰዋል፣ በጋው ደግሞ የሰው አናት ያፈላል። ጎረቤት ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። «አባባ ኑርዬ፣ ያ ሽንኩርትዎ ዘንድሮስ አፈራ?» ይሏቸዋል። እሳቸው ግን «ወጥ የማይወጣለት ሽንኩርት ነው፣ አንተ ሆዳም!» ብለው ያልፋሉ።

እኛ በእሳቸው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አባቴ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነበር፤ የዓመቱን ግማሽ እርሻ ላይ ነው የሚያሳልፈው። አባባ ኑርዬ ዱሮ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ጨርቅ እያመጡ ጎንደር ድረስ የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ነበሩ። ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ድንበሩ ዛሬ ሲከፈት ነገ ሲዘጋ ሱቃቸው ባዶ መደርደሪያ ብቻ ቀረው፤ እሳቸውም ከሱቁ ወጥተው ከአበባው ጎን ተቀመጡ።

ሶሰኑን ያመጡት ሚስታቸው እቴቴ ዘሃራ ናቸው። የገዳሪፍ ልጅ ነበሩ፤ ሲዳሩ ሦስት ጉማጅ ሥር በሻሽ ቋጥረው ድንበር ተሻገሩ አሉ። በእሳቸው አገር ሶሰን የሚተከለው በመቃብር ላይ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ይኸን ሲሰሙ «ኧረ በስመ አብ! ሙሽራ የመቃብር አበባ ይዛ ትገባለች?» ብለው አማተቡ፤ እቴቴ ዘሃራ ግን «ሬሳ ብቻውን ሲያሸተው እኛስ ምን በደልን?» ብለው ደጃቸው ላይ ተከሉት። እኔ የማስታውሰው የእጃቸውን ሂና ብቻ ነው። የሞቱት አራት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። አባባ ኑርዬ ለጨርቅ ማዶ ተሻግረው ሳለ አገሩ ተረበሸ፣ ተኩስ ተነሳ፣ መንገድ ተዘጋ። በዚያው ሰሞን እቴቴ ዘሃራን ወባ ያዛቸውና በአራተኛው ቀን አረፉ፤ ጎረቤት ቀበራቸው። ባል የደረሱት ወር ካለፈ በኋላ ነው። መቃብሩ የት ነው ብለው አልጠየቁም፤ ሄደውም አያውቁም። ከሚስታቸው የቀራቸው ያ የሶሰን መደብ ብቻ ነበር። ይኸን እኛ ልጆች ሳንቀር እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን አልነበረም።

ለዚያ መደብ ያላደረጉት የለም። ዋልካውን አስወጥተው ከጓንግ ወንዝ በአህያ አሸዋ አስጭነው ሞሉት፤ ዙሪያውን በድንጋይ ከፍ አደረጉት። ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ሥሩን ሁሉ ነቅለው ቅጠሉን በስንዝር ይቆርጡና ጎተራ ሥር በጥላ ያሰነብቱታል። የበሰበሰ ጉማጅ ካዩ በቢላዋ ጎምደው ቁስሉ ላይ አመድ ይነሰንሳሉ። መስከረም ሲጠባ መልሰው ይተክሉታል፤ ያውም አይቀብሩትም፣ ያስተኙታል። የግርጌ ሥሩ አፈር ይይዛል፣ ጀርባው ግን ሜዳ ላይ ይቀራል። «የሶሰን ጀርባ ፀሐይ ካልመታው አያስብም» ይላሉ። ያኔ አበባ ያስባል ወይ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። የእሳቸው ነገር እንዲያው ነው፤ ሁሉም ያስባል።

ሲመሽ አረሙን አስረክበን አንገረቡን እንከባለን። ለትንኝ ማባረሪያ ደረቅ ኩበትና የኒም ቅጠል ይጨሳል፤ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ፋኖሱ መስታወቱ ጠቁሮ ግማሽ ፊታቸውን ብቻ እያሳየን፣ እኛ ላብ ባጠመቀው ገላችን ተደጋግፈን እንሰማለን። የአባባ ኑርዬ ተረት በአንድ ምሽት አያልቅም። ኩበቱ ፍም ሆኖ ፍሙ አመድ ሲለብስ «ኻላስ! አለቀ፣ ግቡ» ይላሉ፤ ጅቡ አፉን ከፍቶ ቢሆንም እንኳ ከፍቶ ያድራል። እጃችንን ወደ ፍሙ እየሰደድን በስውር ስንቆሰቁስ ይይዙናል። «ማነህ? ጀማል ነህ? እሳት ብትቆሰቁስ ተረት አይረዝምም፣ ጣትህ ነው የሚያጥር!» ይላሉ። ጀማል የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ከእኔ በዓመት ይበልጣል፣ በተንኮል ደግሞ በአሥር።

ያን ዓመት የያዝነው ተረት ግመል ልሁን ብላ ገዳሪፍ የሄደችው ፍየል ነበር። ግመል ውሃ የሚጠማው በሳምንት አንዴ ነው፣ ማንም አያርደውም፣ ሰው ወደ ላይ አንጋጦ ነው የሚያየው ብላ። ገዳሪፍ ላይ አንድ ነጋዴ «ቀላል ነው» አላትና አንድ ከረጢት ሰሊጥ ጀርባዋ ላይ ሰፋላት። «ይኸው ሻኛ!» ብሎ ሰደዳት። ከረጢቱ ያፈስ ስለነበር ወፍ ሁሉ ከኋላዋ ተከተላት፤ እሷ ደግሞ አጃቢ መሰላት። አባባ ኑርዬ አንገታቸውን እንደ ግመል ሰብቀው፣ ከንፈራቸውን ጥለው ሲራመዱ ሆዳችንን ይዘን መሬት ላይ እንንከባለል ነበር። እንግዲህ ፍየሊቱ ሻኛዋን ተሸክማ ጓንግ ዳር ደርሳ፣ አዞው «እሜቴ ግመል፣ ይሻገሩ» እያላት ሳለ ነው አባባ ኑርዬ ለዓይናቸው ጎንደር የሄዱት።

ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ነበር። ሐኪሞቹ ይገፈፋል ብለዋቸው በጥቅምት ተነሱ። የሄዱ ለት ማለዳ መደቡ ጋ ጠሩኝ፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

«ትርንጎ፣ እኔ እስክመለስ ጠባቂዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «አረሟን ንቀይ። ውሃ በአሥራ አምስት ቀን አንዲት ጣሳ። በቃ።»

«ሌላስ ምን ላድርግ አባባ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አልኩሽ እኮ! ምንም አለማድረግ ያቅትሻል?»

«አያቅተኝም።»

«ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። የዘሃራ አደራ ናት፤ አንቺ ነሽ የምታስረክቢኝ» አሉና ራሴን ዳበስ አድርገው ሄዱ። ጀማልን አልጠሩም፣ ሌላ አልጠሩም፣ እኔን። በደስታ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ምንም አለማድረግ አያቅተኝም ያልኩት ውሸቴን ነው። ይኸው አርጅቼም ያቅተኛል። ደግሞ ልብ በሉልኝ፣ መተማ ላይ ላደገ ልጅ ደግነት ማለት ጥላና ውሃ ነው። ሰው ከመንገድ ሲመጣ ስሙ ሳይጠየቅ «ወደ ጥላ ግባ» ይባላል፣ ጣሳ ውሃ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ነው ሌላው የሚመጣው። ከጎጃምና ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች እንኳ በሦስተኛው ቀን ይኸን ይማራሉ። ፀሐይ ጠላት ነው፤ በፀሐይ የተኛ ሕፃን አይቶ ዝም የሚል ሰው ይረገማል። እንግዲህ እኔ ማለዳ ማለዳ ወደ መደቡ ስሄድ የሶሰኖቹ ጀርባ ተገልጦ፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ ራቁታቸውን ሜዳ ላይ ወድቀው አያቸዋለሁ። ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው ቀን አንጀቴ አልችል አለ።

አለበስኳቸው። አሸዋውን በእጄ እየዛቅሁ አንድ በአንድ እስከ አንገታቸው ሸፈንኳቸው፤ ከላይ የሰሊጥ አገዳ ደርድሬ ዳስ ሠራሁላቸው። ማታ ማታ ደግሞ ከመታጠቢያዬ እየቀነስኩ ውሃ አጠጣኋቸው። ውሃው ከቧንቧ በራሴ ጀርባ የመጣ ነው፣ የማንንም አልነካሁም። እናቴ «ምነው ይቺ ልጅ አንገቷ ጥቁር ሆነ?» ትላለች፤ እኔ እስቃለሁ። አባባ ኑርዬ አርጅተው ረስተውት እንጂ ሶሰንም ይጠማዋል ብዬ ነው። ቅጠላቸው ጫፉ ቢጫ ሲሆን ውሃ አነሳቸው አልኩ፣ ጨመርኩ። ቢጫው ወደ ታች ሲወርድ ሁለት ጊዜ ማጠጣት ጀመርኩ። እየታመሙ በሄዱ ቁጥር እየወደድኳቸው ሄድኩ፤ አጠገባቸው ተቀምጬ የፍየሏን ተረት ሁሉ ነገርኳቸው። ጀማል አንድ ቀን መጥቶ አሸተተና «ምን ሞቶ ነው?» አለ። በድንጋይ አባረርኩት።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ተመለሱ። ከጭነት መኪናው ጋቢና ሲወርዱ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ልጆቹ ተንጋግተን ሄድን፤ እያንዳንዳችንን አገጭ አገጫችንን ይዘው ያዩናል። «አንተ ጀማል፣ ለካ ጆሮህ እንዲህ ትልቅ ኖሯል? አንቺስ ትርንጎ፣ ወላቃ ነሽ! አፍሽን ሸፍነሽ እኮ ነው የኖርሽው!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። ከዚያ እጄን ይዘው «በይ አስረክቢኝ» አሉና ወደ መደቡ ወሰዱኝ።

መነጽራቸውን አውልቀው ዳሱን አዩ። አገዳውን አነሱ። ቅጠሎቹ ተኝተዋል። ተንበርክከው አንዷን ያዝ ሲያደርጓት ቅጠሏ ያለ ሥር እጃቸው ላይ ቀረ፤ ጣታቸውን ወደ አሸዋው ሰደዱ፣ የወጣው እንደ በሰበሰ ድንች የሚፈስ፣ የሚገማ ነገር ነው። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው። መደቡን ሁሉ በጣታቸው ቆፈሩት።

«ማነው ያለበሳቸው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ፀሐይ እንዳይመታቸው ብዬ ነው አባባ። በየቀኑም አጠጥቻቸዋለሁ።»

ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምነው በመቱኝ! «በየቀኑ» አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያ እጃቸውን በአሸዋ አሹት፣ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፣ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ያኔ ነው የገባኝ። የሞተው አበባ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኮ ቀላል ነበር፤ እቴቴ ዘሃራን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩባቸው እኔ ነኝ።

ተረት ቀረ። አንገረቡ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሲመሽ ልጆቹ መጥተው አረማቸውን እንደ ያዙ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ቆይተው ጥለውት ይሄዳሉ። ጀማል «አዞው ፍየሏን ይብላት አይብላት ሳናውቅ የቀረነው ባንቺ ነው!» ብሎ በሰው ፊት ሰደበኝ። አባባ ኑርዬ ለሶላት ወጥተው ይገባሉ እንጂ ከሰው አይነጋገሩም። የወሰድንላቸው እህል እንዳለ ይመለሳል። አንድ ቀን ለአባቴ «ቤቱን ለእናንተ ትቼ ገዳሪፍ ልሂድ መሰለኝ፤ እዚህ ምን ቀረኝ?» ሲሉት ሰማሁ። እኔ ጎተራው ሥር ተደብቄ አለቀስኩ።

እናቴ ነገር ማብዛት የማትወድ፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ጥር ሲገባ አንድ ማለዳ ነጠላዋን አደግድጋ በራቸው ላይ ቆመች፤ እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።

«አባባ ኑርዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ቢቆጡም ይቆጡኝ» አለች። «እቴቴ ዘሃራ በተቀበሩ በሰባተኛው ቀን ከዚህ መደብ አንዲት ሥር ነቅዬ ራስጌያቸው ተክዬላቸዋለሁ። የአገራቸው ደንብ እንደሆነ ይነግሩኝ ነበር። ማን ያድርግላቸው ብዬ ነው።»

«ይኸን ሁሉ ዓመት ሳትነግሪኝ?»

«አልጠየቁኝማ። እኔስ በየት በኩል ልጀምረው?»

«ማን ያጠጣታል እዚያ?»

«ማንም።»

«ማንስ ያርማታል?»

«ማን ይሄዳል ብለው ነው አባባ።»

«እንግዲያማ ሞታለች» አሉና በሩን ሊዘጉ እጃቸውን ሰደዱ። እናቴ በሩን ያዘችው። «ሞታም ከሆነ ይዩዋት» አለች። እናቴ የሰው በር ስትይዝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትበረታ የታጠበ ጀለቢያቸውን ለብሰው ወጡ። «ተነሽ፣ አንቺም ትሄጃለሽ» አሉኝ፤ ከተመለሱ ወዲህ ስሜን እንኳ ጠርተው አያውቁም ነበር። ቢላዋና ጣሳ ይዤ ተከተልኩ፤ አንዲት ጉማጅ ከተገኘች ነቅለን እንመልሳታለን፣ በደሌም ይሰረያል ብዬ። የእስላም መቃብር ከከተማው ወጣ ብሎ ድንጋያማ ጉብታ ላይ ነው። ሣሩን በየዓመቱ እሳት ይበላዋል፤ ያን ጊዜም መሬቱ ጠቁሮ ከእግራችን ሥር አመድ ይቦን ነበር። ጥላ የሚባል የለም። እናቴ ከፊት እየመራች ጉብታውን ወጥታ ቆመች፣ ወደ እኛ ዞረች፣ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሽታው ነው መጀመሪያ የደረሰን። ከዚያ አየነው። አንዲቷ ሥር ተራብታ፣ ልጅ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ ወልዳ መቃብሩን ከራስጌ እስከ ግርጌ አልብሳዋለች። በዚያ በተቃጠለ መሬት፣ በድንጋይ መሐል፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ሁሉም አብበዋል። ነጭ በነጭ። ግቢያችን ውስጥ በዓመት ሁለት ሦስት አበባ ካየን ትልቅ ነገር ነበር፤ እዚያ መቁጠር አልቻልኩም።

አባባ ኑርዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ጥቂት ራመድ ብለው መሬት ላይ፣ አመዱ ላይ፣ በነጭ ጀለቢያቸው ቁጭ አሉ።

«ማሌሽ፣ ዘሃራ» አሉ። ማሌሽ የሱዳን ሰው ይቅር በይኝ የሚልበት ቃል ነው። «ማሌሽ። ኑርዬ ነኝ። ብቻሽን ሆነሽ አገኝሻለሁ ብዬ ፈርቼ ነው የቀረሁት።»

አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ያኔ ነው ያየሁት፤ አያፍሩም ነበር። እናቴ እጄን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ። ለቅሶው ሲበርድላቸው፣ እኔ ጣሳዬን አንስቼ ቀረብኩና «አባባ፣ አንዷን ነቅለን ለቤት እንውሰድ?» አልኳቸው። ዞረው አዩኝ። «ተያቸው» አሉ። «እኔ እየመጣሁ አያቸዋለሁ።» ቀጥለውም «ያቺን መደብ ባሚያ ዝሪባት። ባሚያ እንዳንቺ ያለ ጠባቂ ይወዳል፤ እስኪጠግብ አጠጪው» አሉና ጉልበታቸውንም ትከሻዬንም ተደግፈው ተነሱ።

ከዚያ በኋላ በየዓርቡ እየሄዱ ነው የኖሩት። አንገረቡም ተመለሰ፣ ጭሱም፣ ተረቱም፤ ዋጋው ግን የባሚያ አረም ሆነ። ሌላ ሰው ሲቀር ብቻዬን ካገኙኝ የእቴቴ ዘሃራን ነገር ይነግሩኝ ነበር፤ እንዴት እንደሚስቁ፣ እንዴት እንደሚሳደቡ፣ መንገድ ላይ በቅሎ ጥላቸው ምን እንዳሉ። እነዚያን ነገሮች ከዚያ በፊት ለማንም አውርተው አያውቁም ይላሉ የሚያውቋቸው።

ዛሬ ይኸን ሳወራ ሰዎች «ታዲያ ደግ አደረግሽ፤ ያንን መደብ ባታበሰብሺ ኖሮ መች ይሄዱ ነበር» ይሉኛል። ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አደራቸውን ገድያለሁ፤ ያውም በፍቅር፣ ያውም ከመታጠቢያዬ በቀነስኩት ውሃ። መቃብሩ ላይ ያገኙት የእቴቴ ዘሃራና የእናቴ ሥራ ነው፤ የእኔ አይደለም። አስተማሪ ሆኜ ስንቱን ልጅ በእጄ ይዣለሁ፣ ሦስት የራሴንም ወልጃለሁ፤ አንዱ ሲከፋው ሮጬ ልሸፍነው፣ ላጠጣው፣ ላለብሰው እጄ ይበላኛል። አንዳንዴ እችለዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ አሸዋውን ዝቄ ካለበስኩ በኋላ ነው የምነቃው፤ ያን ጊዜ እንደ ልጅነቴ ጎተራ ሥር ከመደበቅ ይልቅ «እኔ ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ ቆሜ የሚመጣውን እጠብቃለሁ።